ጅማ ላይ ሜዳ ሜዳውን፣ ወንዝ ዳር፣ ያለ መኪና ሚነዳበት መንገድ አለ ወይ ላልሽው

ጥያቄሽን ላሳጥረውና ልመልስ። ጅማ ከገባሽ ስምንት ወር ሆኖሻል፣ አዲሳባ ያለው ወንድምሽ 25 ሚሊ ስፋት ያለው ጎማ ያላት ኮርሳ ብስክሌት ላከልሽ፣ ጉልበትሽን አሞሽ ስለነበር ዳገት ይቅርብኝ ብለሻል፣ ቪየና ያለችው የአክስትሽ ልጅ ደሞ ዳኑብ ዳር ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና ሳያልፋት ስትነዳ የተነሳችውን ፎቶ እየላከች ታስቀናሻለች። እና ግልገል ጊቤ ወንዝ እዚሁ እያለ፣ ይሄ ሁሉ ሜዳ እያለ፣ እንደዛ ሚኬድበት መንገድ የቱ ጋ ነው ነው ያልሽው።

እኔ ሙያዬ ሰርቬየር ነው፣ መንገድ ሥራ ላይ ሌቭልና ቶታል ስቴሽን ሚባሉትን የመሬት መለኪያዎች ተሸክሜ ነው ያረጀሁት፣ ብስክሌቱ ደሞ ከሱም በፊት ጀምሮ አለ። ስለዚ ይሄ ጥያቄ ሁለቱንም ጎኔን ነካኝና ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

ቁርጡን ልንገርሽ፣ እንደ ዳኑቡ ያለ የለም። ባዶ መንገድ ግን አለ፣ በሰዓትና በቀን ነው ሚገኘው እንጂ ካርታ ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም። ለምን እንደዛ እንደሆነ ካልገባሽ ግን የሰጠሁሽን ሰዓት ትረሺውና እኩለ ቀን ላይ ከሲኖ ጋ ትፋጠጫለሽ፣ ስለዚ ከምክንያቱ ልነሳ።

የአክስትሽ ልጅ ምትነዳበት መንገድ አብዛኛው ለብስክሌት ተብሎ የተጀመረ አይደለም። ሞተር ያለው መርከብ ከመምጣቱ በፊት ጀልባውን ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ወደ ላይ ሚጎትተው ፈረስ ነበር፣ ፈረሱ ደሞ ወንዙን ተጠግቶ ሚረግጠው ደረቅ መሬት ይፈልጋል። ያንን የፈረስ ጥርጊያ ነው ኋላ ላይ ለብስክሌት ያዋሉት፣ ከፓሳው እስከ ቪየና ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወንዙ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ አጠገቡ ያለው መንገድም አብሮት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሜዳ የሆነው ለዛ ነው፣ መኪና የሌለው ደሞ ድሮም የመኪና ስላልነበረ ነው።

ግልገል ጊቤ ላይ ጀልባ የጎተተ ፈረስ የለም። አወይቱ ወንዝ ከተማችንን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ እሱም ሌላው ወንዝ ቂጦም ቦዬ ረግረግ ይገባሉ፣ ከዛ ግልገል ጊቤ፣ ከዛ ትልቁ ጊቤ፣ ከዛ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ። እኛ ጋ ባለው ክፍል ውሃውን ተከትሎ መሄድ ማንም አላስፈለገውም። ሜዳው ክረምት ክረምት ይተኛበታል፣ ወባ አለ፣ ወደ ታች ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲኬድ ለከብቱም ገንዲ ሚባለው በሽታ አለ። ስለዚ ሰው ከብቱን ለግጦሽ ያወርዳል እንጂ ቤቱን እዛ አይሠራም፣ መንደሩ ከፍ ብሎ ነው፣ መንገድ ደሞ መንደር ነው ሚከተለው። አባ ጅፋርም ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው እንጂ ቦዬ ዳር አልሠሩትም አይደል!

ታዲያ ሜዳው ላይ ያለው አስፋልት ምንድነው ካልሽ፣ ዋናው የአዲሳባ መንገድ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ግድም ሚሆነውን ሄዶ ሚመጣ ጭነት በሙሉ በሱ ነው ሚያልፈው። እና ያቺ የሜዳው ክፍል ሙሌት ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ማለትም አፈርና ጠጠር ተሞልቶ መንገዱ ከረግረጉ በላይ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ቦይ፣ ከስሩ ደሞ ውሃው ሚሻገርበት ካልቨርት። ለብስክሌተኛ ይሄ ምን ማለት ነው? ጠርዙ ላይ መሸሻ የለም ማለት ነው። ከአስፋልቱ ከወጣሽ ወደ ቦይ ነሽ።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ይሄን እንኳን አዲስ ጀማሪ የኛ ሰዎችም ይረሱታል። እዛ ሜዳ ላይ ከታች ያለው ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መሀል አስፋልቱ ስር ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ጠርዝ ጠርዙ ግን በጋ በመጣ ቁጥር ይደርቃል፣ ስለዚ መንገዱ መሀሉ ሳይነቃነቅ ጠርዙ ይወርዳልና በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ልብ በይ፣ በርዝመቱ ነው ያልኩት፣ ከመንገዱ ጋ ትይዩ። ለመኪና ምንም አይደለም። ለ25 ሚሊ ጎማ ግን የባቡር ሐዲድ በይው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጥር ላይ በዚሁ በአዲሳባ መንገድ ካለችው ከሰርቦ ከተማ ስመለስ፣ ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባውን ለቀቀውና ላሳልፈው ብዬ ወደ ቀኝ ጠጋ አልኩ። የፊት ጎማዬ ስንጥቁ ውስጥ ዘጭ። መሪውን ወደ ግራ ብመልስ አይመለስም፣ ጎማው ተይዟል፣ ሰውነቴ ደሞ ሄዷል። በክንዴ ነው የወረድኩት፣ ከክርን እስከ አንጓ ተላጠ። እሸት በቆሎ እየጠበሱ ሚሸጡ እናት ከሳፋቸው ውሃ ቀድተው አጠቡኝና "አብሽር፣ አብሽር" እያሉ ብስክሌቴን ራሳቸው አነሱልኝ። የሚያሳፍረው ምን መሰለሽ፣ ያንን ዓይነት ስንጥቅ በሥራ ቀን በሜትር እየለካሁ ደብተር ላይ ምጽፈው እኔው ነኝ። በበጋ ነው ሚከፋው፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት፣ ዝናብ ሲመጣ መልሶ ይገጥማል። ስለዚ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተሽ ንጂ፣ መኪና ከኋላ ቢጮህም ቀስ ብለሽ ዞር ብለሽ አይተሽ ነው እንጂ ደንግጠሽ ጠርዝ አትያዢ። ስንጥቁን መሻገር ካለብሽ ፍጥነትሽን ቀንሰሽ አግድም ቁረጪው።

አሁን ሜዳ ስለሚባለው ነገር። ቦዬ ጋ ቆመሽ ወደ ሰርቦ ስታዪ ጠፍጣፋ ነው ትያለሽ፣ እኔ ሌቭል ሳስቀምጥበት ግን ሌላ ነው ሚያወራው። 1 በመቶ ዳገት ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ከፍ ማለት ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ጉልበት ግን ያየዋል። ሒሳቡን ልሥራልሽ፦ አንቺ ከነብስክሌትሽ ከነውሃሽ 75 ኪሎ ብትሆኑና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትነጂ፣ ነፋስ በሌለበት እውነተኛ ሜዳ ላይ ከ60 ዋት ትንሽ በለጥ ሚል ጉልበት ይበቃሻል። ያቺ ማትታይ 1 በመቶ ስትመጣ ሌላ 40 ዋት ትጨምርብሻለች። አይገርምም? ሰው "ዛሬ ምን ሆንኩ፣ እግሬ ከበደኝ" ይላል፣ እግሩ ምንም አልሆነም፣ መንገዱ ነው ቀስ ብሎ የወጣው። ስለዚ ፍጥነቱን አታሳድጂው፣ ማርሽ ቀንሺና እግርሽ በዛው ዙር ይሽከርከር፣ በደቂቃ 80 ዙር አካባቢ። ለታመመ ጉልበት ከባድ ማርሽ በቀስታ መግፋት ነው መርዙ። በነገራችን ላይ ጅማ ከባህር ጠለል 1,750 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አየሩ ባህር ዳርቻ ላይ ካለው 15 በመቶ ያህል ሳሳ ያለ ነው፣ ነፋሱ ትንሽ ይቀልልሻል፣ ትንፋሽሽ ደሞ በዛው ልክ ያጥራል፣ ተቻቻለ።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው።

ሐሙስን እርሺው። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ነው፣ እስከ ዛሬም ሐሙስ ጠዋት ወደ ከተማ ሚያስገቡት መንገዶች በሙሉ ሰው፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከነዶሮው ከነማገዶው ናቸው። ትናንሾቹ ከተሞችም የየራሳቸው የገበያ ቀን አላቸው፣ በምትሄጂበት አቅጣጫ ያለውን የባጃጅ ልጆች ጠይቂ፣ ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል።

አርብ ደሞ ብዙ ሰው ማያውቀው ስጦታ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለጁምዓ ሰው መስጊድ ይገባል፣ ባጃጁም አይሱዙውም ዳር ይይዛል፣ አንድ ሰዓት ያህል መንገዱ ትንፋሽ ያገኛል። ፀሐዩ አናት ላይ መሆኑ ነው ችግሩ፣ ግን አጭር ዙር ከፈለግሽ ከዛ የተሻለ የቀን ሰዓት የለም። ሲያልቅ ግን ሁሉም ባንዴ ነው ሚወጣው፣ 7 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ቤትሽ ግቢ።

ከሁሉም ሚሻለው ግን ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው፣ እሁድ ከሆነማ እስከ 3 ሰዓት። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ወደ አዲሳባ ሚሄዱት አውቶብሶች ገና ሳይነጋ ነው ሚወጡት፣ አንቺ ስትወጪ እነሱ ሄደዋል። ከአዲሳባ ሚመጡት ደሞ ከቀትር በኋላ ነው ሚደርሱት። በመሀል ያቺ ክፍተት የኛ ናት። ንፋሱም በዛ ሰዓት አልተነሳም፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከረፋድ በኋላ ነው ሚነሳው፣ ክፍት ሜዳ ላይ ደሞ ሚያስጠልልሽ ነገር ስለሌለ ፊት ለፊት ከመጣብሽ ከዳገት አይተናነስም። አንድ ሚያበላሸው ጉም ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ ስለሚተኛ ቦዬ ላይ ሃምሳ ሜትር ማታዪበት ጠዋት አለ። እንደዛ ከሆነ ቆሚና ሻይ ጠጪ፣ የኋላ መብራት አለኝ ብለሽ አትድፈሪ። የጫት መኪና የጭጋግ ፍሬን የለውም።

የቡና ሰሞን ደሞ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታህሳስ በይው፣ በአጋሮ መስመር አይሱዙው ይበዛል። ለነገሩ አጋሮ ላንቺ አይሆንም፣ ጫካውና ቡናው ልብ ያስደስታል፣ እስከ መልኮ ቡና ምርምር ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆንም መውጣት መውረድ ነው። ዴዶም ተራራ ነው፣ ጅሬንም ዳገት። ጉልበትሽ ሲድን እንነጋገራለን።

እና የት ልሂድ? መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ኤርፖርት አካባቢና በቂጦ በኩል ያለውን ሜዳ ተመላለሺበት። አጭር ነው፣ ይሰለቻል፣ ግን አውሮፕላን በማይገባበት ሰዓት ጭር ያለ ነው፣ ማርሽ መቀየርና አንድ እጅ ለቀሽ ውሃ መጠጣት እዛ ልመጂ። ቀጥሎ የአዲሳባን መንገድ ይዘሽ ቦዬን አልፈሽ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ተመለሺ። ሲለምድሽ ሰርቦ፣ 20 ኪሎ ግድም ናት፣ ሻይ በቦንቦሊኖ አለ፣ ደርሶ መልስ 40 ለጀማሪ ጥሩ ቀን ነው። ወደ ቦንጋ በሚወስደው እስከ ሰቃ መሄድም ይቻላል፣ ግን ጥቂት እንደሄድሽ መሬቱ መጣጠፍ ይጀምራል።

ቦዬ ጋ ስትደርሺ ሁለት ደቂቃ ቁሚልኝ ባክሽ። በጉሙ ውስጥ የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ ዝቅ ብሎ ከውሃው ጋ ይቀላቀላል፣ ከረግረጉ ዳር ጭቃውን እየቆፈሩ ጡብ ሚሠሩት ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው እየረገጡ ነው ሚያቦኩት፣ ከነሱ ወዲያ ላሞቹ፣ ከላሞቹ ወዲያ ነጫጭ ወፎች። ያ ጭቃ ያው መንገዱን ሚሰነጥቀው ዓይነት ጭቃ ነው እንግዲ። እኔ እንደ ባለሙያ ረግረጉ በዚህ ፍጥነት መቆፈሩ ያሳስበኛል፣ ልጆቹ ደሞ ሌላ እንጀራ የላቸውም፣ እዚህ ላይ ምንም ምለው የለኝም። ጉማሬ አለ ሲሉሽ ቀልድ አይደለም። ማታ ወጥቶ ሳር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ነው ወደ ውሃው ሚመለሰው፣ ስለዚ ለፎቶ ብለሽ ከመንገድ ወርደሽ በሱና በውሃው መሀል እንዳትገቢ፣ አንቺ ሲያይሽ መንገድ የዘጋሽበት ነው ሚመስለው።

አሁን እውነተኛውን ነገር ልንገርሽ፣ ያ የዳኑብ ነገር ጅማ ላይ በቅርበት ሚመስለው የዩራፕ መንገድ ነው። ዩራፕ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የተሠሩት የጠጠር መንገዶች ናቸው፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ይገነጠላሉ፣ ገረጋንቲ የለበሱ፣ በቀን ጥቂት ሞተርና አልፎ አልፎ አንድ አይሱዙ ሚያልፍባቸው። በጊቤ ሜዳ ላይ ያሉት ውስጥ በቆሎና ጤፍ መሀል ለመሀል ቀጥ ብለው ሚሄዱ አሉ፣ ሰንሰለትሽን ብቻ እየሰማሽ ትሄጃለሽ። ግን በ25 ጎማ አይሆንም፣ ልፊያ ነው፣ ጠጠሩ ጠርዙን ይቀደዋል። 35 ወይ 38 ሚሊ ጎማ ይፈልጋል። ወቅቱም ከህዳር እስከ የካቲት ነው፣ ከዛ ውጪ ገረጋንቲው ባለቀበት ቦታ ዋልካው ይወጣና ጎማሽ ላይ እየተጠቀለለ ፍሬንሽ ውስጥ ገብቶ ጎማው መሽከርከር እስኪያቅተው ይሞላል። ብስክሌቷን ተሸክመሽ ነው ምትመለሺው፣ ጫማሽን ጥለሽ። ዝናብ ከጣለ ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ጠብቂ፣ አንድ ቀን አይበቃም፣ ከላይ ደርቆ ከስር አይደርቅም።

ጎማ ንፋስ ስለመሙላት ያልሽው ላይ፣ ጎሚስታ ጋ ወስደሽ "ሙላልኝ" እንዳትይ! የኮርሳ ቫልቭ ቀጭኑ ነው፣ ፕሬስታ ሚባለው፣ የጎሚስታው ቱቦ ደሞ ለመኪና ነው፣ አዳፕተር ያስፈልገዋል፣ ትንሽ የነሐስ ቆብ ናት፣ አዲሳባ ሰው ሲመጣ ሁለት ሦስት አስመጪ ትጠፋለችና። ኖሮሽም እንኳ ኮምፕሬሰሩ ትንሿን ጎማ በአራት ሰከንድ ነው ሚሞላት። አንዱ ልጅ ለኔ "ትንሽ ልጨምርልህ" ብሎ ሲጫነው ፖ! አለ፣ ባለ ሱቁ ከውስጥ ተኩስ መስሎት ወንበር ስር ገባ። የራስሽ የእጅ ፓምፕ ከነጌጁ ይኑርሽ። ለ25 ሚሊ፣ 60 ኪሎ ከሆንሽ 80 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) በቂ ነው፣ ሰው 110 ሙይ ቢልሽ አትስሚው፣ መንገዳችን ላይ ያነጥርሻል እንጂ አያፈጥንሽም። 38 ላይ 40 ፒኤስአይ ይበቃል።

ጉልበትሽን በተመለከተ ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ በኋላ መጀመሪያ ምታስተካክዪው ኮርቻውን ነው። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ፣ ፔዳሉን ታች አውርጂው፣ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፣ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከዛ የእግርሽን የፊት ክፍል ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ስትነጂ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ ልኩ እሱ ነው። ወንድምሽ የላከልሽ እሱ በሚነዳበት ከፍታ ከሆነ በጭራሽ ያንቺ አይደለም። ዝቅ ካለ የጉልበትሽ ፊት ያምሻል፣ ከፍ ካለ የኋላው።

ሴት ሆነሽ ብቻሽን ገጠር መውጣቱን አልጠየቅሽኝም ግን ሳልለው አላልፍም። የመጀመሪያ ቀን ሕጻናቱ ተከትለው ይሮጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ሦስተኛው ቀን ስምሽን ይዘውታል። "አካም ቡልተን" በይ ጠዋት ላይ፣ ትልልቆቹን አስቀድመሽ፣ በኦሮምኛ ሰላም ካልሻቸው ማታ ዝናብ ቢይዝሽ ቤት ሚያስገቡሽ እነሱ ናቸው። ውሻ ከመጣ አትሩጪ፣ ውረጂና ብስክሌቷን በመሀላችሁ አድርገሽ በእግር ሂጂ፣ ሩጫውን ነው እንጂ አንቺን አይደለም ሚፈልገው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከብት ከግጦሽ ይመለሳል፣ ያኔ መንገዱ የነሱ ነው፣ አትከራከሪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ከሌላ ሰው ጋ ውጪ፣ እሁድ ጠዋት ከተማው ውስጥ ብስክሌት ሚነዱ ልጆች አታጪም።

ለአሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ብስክሌቷን ገልብጫት፣ የፊት ጎማው ሹካው መሀል ሲያልፍ ግራና ቀኝ ስንት ሚሊ ክፍት እንደሚቀረው በማስመሪያ ለኪ፣ ከላይ ፍሬኑ ስርም እንደዛው፣ ኋላም እንዲሁ፣ ኋላ ነው ብዙ ጊዜ ሚጠበው። በየጎኑ 6 ሚሊ ካለ 28 ይገባል፣ 9 ካለ ምናልባት 32 እንሞክራለን። 38 ከፈለግሽ ግን በዚች ብስክሌት አይሆንም፣ ያኔ ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ፈልገን እሷን ለጠጠሩ እናደርጋታለን። ቁጥሩን ጻፊልኝ።